ሁለት ዐረብኛ ባንድ ቤት

እኛ ቤት ሁለት ዐረብኛ አለ። አንዱ የእናቴ ነው። ከአምባሰል፣ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው የሶላትና የዱዓ ዐረብኛ ነው፤ ከጥቂቱ በቀር ትርጉሙን አታውቀውም፣ በጆሮዋ ለቅማ ልቧ ውስጥ ያኖረችው ነው። ሌላው የእኔ ነው። ጅዳ፣ ሰው ቤት፣ ስወለውልና ሳጥብ ዓመታት አሳልፌ አፌ ላይ ይዤው የተመለስኩት። እናቴ ዐረብኛ ስትናገር ዐይኗን ትጨፍናለች። እኔ ዐረብኛ ስሰማ እጄ ሳላዘው መጥረጊያ ይፈልጋል። ለሷ የጀነት ቋንቋ ነው፣ ለእኔ የኩሽና። ይህ ልዩነት ጠብ ሆኖብን ግን አያውቅም ነበር።

እንደኔ ያለች ሴት ሐይቅ ከተማ ውስጥ ብትፈልጉ አታጡም። ከየቤቱ አንዷ ሄዳለች፣ አንዷ ተመልሳለች፣ አንዷ ፓስፖርቷን እየጠበቀች ነው። እኔ ከተመለስኩ ወዲህ ሪያድ ከነበረች ባልንጀራዬ ጋር መንገድ ዳር ዓሣ እጠብሳለሁ። ዓሣውን ጠዋት ከሐይቁ ዳር እንቀበላለን፣ ቅርፊቱን እንፍቃለን፣ ዘይቱን እንጥዳለን፤ አፋችን ግን አያርፍም። «ኸላስ፣ ዘይቱ ጋለ፤ ያላ አምጪው» ትለኛለች። «ሹፊ ያንን ሰውዬ፣ ዋጋ ጠይቆ ሹልክ ሊል ነው፤ ወላሂ ያስታውቃል» እላታለሁ። ደንበኛው ክፉ የሆነ እንደሆነ ጠቅልለን ወደ ዐረብኛ እንገባና ፊቱ ላይ እየሳቅን እንሰድበዋለን።

«ምነው ባገራችሁ ቋንቋ ብታወሩ» የሚለን አይጠፋም። እሱ ራሱ ዓሣውን በልቶ ሲያበቃ «አብሽሩ፣ ኢንሻአላህ ነገም እመጣለሁ» ብሎ ነው የሚሄደው። አብሽሩ ከየት የመጣ መሰለው? እኛ አገር «አይዞሽ» ከሚለው ይልቅ «አብሽሪ» የሚለው ይቀናዋል። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ነገሩ ሲጠጥርባት «ወላሂ» ትላለች፤ እናቴም ስትደነግጥ «በማርያም» ያመልጣትና አፏን ትይዛለች። ወሎ እንዲህ ነው፣ ማንም ማንንም አይታዘብም።

አንድ ቀን ከባልንጀራዬ ጋር የትኛውን ነገር በየትኛው ቋንቋ እንደምንል ስናስብ ዋልን። ማቀዝቀዣውን «ተላጃ»፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን «ገሳላ» የምንለው ለጉራ አይደለም። ከመሄዳችን በፊት ቤታችን አልነበሩማ፤ ስማቸውን ከነሱው ጋር ነው ያገኘነው። መራብ፣ መናፈቅ፣ ሆድ መባስ ግን እስከ ዛሬ በአማርኛ ነው። ባልንጀራዬ የዓሣ ቢላዋዋን እየጠረገች፣ «እኔ ዐረብኛ አሳምሬ የማውቀው ሁለት ነገር ነው፤ እሺ ማለትና ይቅርታ ማለት» አለች። ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ታናሽ እህቴ ዐረብ አገር የሄደችው እኔ በተመለስኩ በዓመቱ ነው። አትሂጂ ብያታለሁ። ማን ሰምቶኝ። እኔ ባመጣሁት ቆርቆሮ ቤታችን ተከድኖ፣ እኔ ራሴ በገዛሁት አልጋ ላይ ተቀምጬ አትሂጂ ስላት ምን ብላ ትስማኝ?

በስልክ የምትልከውን ድምፅ እናቴ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ደጋግማ ትሰማው ነበር። መጀመሪያ አማርኛዋ ሙሉ ነበር። «እማ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራው አይከብድም።» ወራት ሲያልፉ «እማ፣ ኸላስ ለመድኩት» አለች፤ እናቴ ሳቀች። ቀጥሎ አማርኛው እየጠፋባት መሃል ላይ ቆም ትል ጀመር። መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው ድምፅ ዐረብኛ ነው፤ አማርኛው እንደ ጨው ጣል ጣል ያለበት። እኔ ደስ አላለኝም። ሰው እንደዚያ የሚሆነው ከቤት ሳይወጣ ከርሞ፣ የሚያዋራው አንድ አበሻ ሲያጣ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ደርሶብኛል። ለእናቴ ግን «ዐረብኛዋ በረታ» አልኳት። ከዚያ ድምፁ ጭራሽ ቀረ።

ዓመት ተሻግሮ ከአዲስ አበባ ተደወለልን። ከተመላሾች ጋር መጥታለች፣ ሰው ይምጣና ይውሰዳት ተባለ። ያጎቴ ልጅ ሄዶ አመጣት። ከሚኒባስ ስትወርድ የያዘችው ፌስታል ውስጥ አንድ ቀሚስና አንድ ፎጣ ነበር። እናቴ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። እህቴ እጇን አንጠልጥላ፣ እናቴ እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀቻት። በማግስቱ ገላዋን ሳጥባት ጀርባዋ ላይ ያየሁትን ለእናቴ አላሳየሁም። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አትናገርም። ስሟን ሲጠሯት ትነሳለች፣ ብይ ሲሏት ትበላለች፣ ዐይኗ ግን ሰው ላይ አያርፍም። ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ኪኒን ሰጣትና፣ ሳታቋርጥ እንድትወስድና ለቀጠሮዋ እንድንመልሳት አጥብቆ ነገረን። እናቴ ከደሴ እንደተመለስን አልጋ ላይ ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ሰው ልኬ ልብስ መለሱልኝ» አለች። ከዚያ በኋላ አትበላም፣ ሶላቷንም ተቀምጣ ነው የምትሰግደው። ባንድ ቤት ሁለት ሰው ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ዓሣውን ለባልንጀራዬ ትቼ ቤት ዋልኩ።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እህቴ መጥረጊያ አነሳች። ማንም አላዘዛትም። የተጠረገውን ግቢ መልሳ ትጠርጋለች፣ ጥግ ስትደርስ እንደገና ከበሩ ትጀምራለች፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። «ደሒን፣ ደሒን። ሳሚሒኒ። ወላሂ ሳሚሒኒ። ላ ተድሪቢኒ።»

ለእኔ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። «አሁን፣ አሁን እሠራዋለሁ። ይቅር በይኝ። ወላሂ፣ ይቅር በይኝ። አትምቺኝ።» ነው የምትለው። የምትለምነው፣ አሠሪዋ እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከፊቷ የቆመች ይመስል አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ስሚያት፣ ስሚያትማ፤ ዚክር ላይ ናት።»

ዘወር ስል በሩን ይዛ ቆማለች። ስንት ጊዜ ተነሺ ብዬ ያቃተኝ ሴትዮ በራሷ እግር መጥታ ቆማለች። ፊቷ በርቷል። እናቴ ዐረብኛ ሲባል ሌላ ምን ታውቃለች? ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ቋንቋ የሰማችው ፈጣሪን ሲለምኑበት ነው። ልጄ ከሰው ጋር ማውራት የተወችው ከአላህ ጋር እያወራች ነው አለችና በቃ፣ በዚያው ልቧ ተጠገነ። «ምን ምን እያለች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይቅር በለኝ ነው» አልኳት።

«ያኛውስ፣ መጨረሻ ላይ የምትለው?»

«አትተወኝ ነው።»

ዋሸሁ። ማንም በዚህ ይፍረድብኝ፣ ግድ የለኝም። ያን ዕለት ማታ እናቴ እራቷን በላች።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰቡት የዱዓ ሴቶች ጫታቸውን ይዘው እኛ ቤት መጡ። ዱዓውን የሚመሩት አሮጊት እህቴን አጠገባቸው ሊያስቀምጧት እጇን ሲስቡ፣ እሷ ጨርቅ አምጥታ እግራቸው ስር ያለውን ወለል መወልወል ጀመረች። አሮጊቷ እግራቸውን ወደ ጎን ሲያደርጉ የረገጡበትንም ትወለውላለች። «አያችሁ ትሕትናዋን» አሉ እንባቸው እየመጣ። «አላህ ከራማውን የሚሰጠው እንዲህ ላለው ነው።» እናቴ በኩራት ወደ እኔ አየች። እኔ ያ ጨርቅ እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ጥግ ቢቀር ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ጅዳ ያሠራችኝ ሴትዮ አቧራ ቀርቶ እንደሆነ ወለሉን በጣቷ ታብስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሳል ያመመው ሕፃን ይዘው ይመጣሉ፣ እንትፍ በይበት ይሏታል። ባሏ የጠፋባት ትመጣለች። እህቴ ወዲያ ወዲህ እያለች ትጠርጋለች፣ እነሱ ደግሞ ካፏ የሚወጣውን ይለቅማሉ። አንድ ሐሙስ አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው በሷ ቃል ዱዓውን ከፈቱት። «ሳሚሒኒ» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ «አሚን» አሉ። «ላ ተድሪቢኒ።» «አሚን።» እኔም መሃላቸው ተቀምጫለሁ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ እንጂ ድምፅ አልወጣኝም።

ባልንጀራዬ ያን ቀን ለቤቱ ብላ ዓሣ ይዛ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ሰማች። እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሐራም ዓለይኪ» አለችኝ፤ አታፍሪም ወይ ማለቷ ነው። «እያወቅሽ? እዚያ ቁጭ ብለሽ?»

«ምን ላድርግ?»

«ንገሪያታ። እናትሽ እኮ ናት።»

«እናቴ ናት፣ አዎ። ከአልጋ የተነሳችው በዚህ ነው። ልክ ነሽ፣ ልሂድና ልጅሽን ሲደበድቧት ነው የኖሩት፣ አሁንም እየተደበደበች ነው ልበላት። ከዚያ ማን ያነሳታል? አንቺ?»

«እሺ፣ እህትሽንስ ማን ያነሳታል?» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ኪኒኑን እየሰጣችኋት ነው?»

ኪኒኑን እናቴ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። ቁልፉን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ስጠይቃት፣ ኪኒኑ ያፈዛታል፣ ዱዓዋን ያስረሳታል ነው የምትለው። «አላህ የከፈተውን በር በኪኒን ልትዘጊብኝ ነው?» ብላ ጮኻብኛለች። የደሴው ቀጠሮ አልፏል። እህቴ ከሳምንት ሳምንት እየከሳች፣ መዳፏ በመጥረጊያው እየተላጠ ነው። አንዷን ለማቆም ሌላዋን እየገበርኩ እንደሆነ ይገባኛል፤ የምመርጠው ግን ጠፋኝ። ባልንጀራዬ ዓሣውን ደጃፍ አስቀምጣ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

እናቴ በዚህ ላይ ሰደቃ አሰበች። ከአምባሰል አንድ ሸኽ እንዲመጡላት ላከች። ኪታብ ቀርተው የተማሩ፣ ዐረብኛን ከነትርጉሙ የሚያውቁ፣ ለእናቴም የሥጋ ዘመድ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «እሳቸው ይስሟትና ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰች ይንገሩን» አለችኝ። ሸኹ ገና በሩ ላይ ሆነው ይሰሟታል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ፍየል ታርዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እናቴ እውነቱን ከሳቸው አፍ ልትሰማ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ እነሳለሁ፣ ሳያት ሌላ ወሬ አነሳለሁ። ሰው ሁሉ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እያለ ያስፈራራል፤ ሳይናገሩ የቀሩትስ በምን ይታሻል?

የሰደቃው ዋዜማ ዕለት ከዐስር በኋላ ሦስታችን ብቻ ግቢ ውስጥ ነበርን። እኔ ለነገ የሚሆነውን ሽንኩርት እልጣለሁ። እህቴ ትጠርጋለች። እናቴ አጎዛዋ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛለች። ሰሞኑን የእህቴን ቃል ለራሷም አድርጋዋለች፤ እየቆጠረች፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች ትለዋለች። «ሳሚሒኒ። ሳሚሒኒ። ላ ተድሪቢኒ።» ያን ቀን ልቧ ተነክቶ ነበር መሰል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋም በጉንጯ ወረደ። «ላ ተድሪቢኒ» አለች ደግማ።

የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ።

ቀና ስል እህቴ እናቴን እያየቻት ነው። ከመጣች ጀምሮ ሰው ስታይ አይቻት አላውቅም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አስቀመጠችው። መጣችና እናቴ ፊት ተንበረከከች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ የእናቴን ራስ ሸፈነችው። ዱላ እንዳያገኘው እንደሚሸፈን ነው የሸፈነችው፣ ክንዷን ከላይ አድርጋ፣ በራሷ ጀርባ ከልላ።

«አብሽሪ እማ» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ግን የሷው ነው፣ የጥንቱ። «ማነው የሚመታሽ?»

እናቴ ዐይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነው። ልጇ ተናገረች፣ በአማርኛ ተናገረች፣ እማ አለቻት። «ማንም አልመታኝ የኔ ልጅ፣ ማንም አልመታኝ» እያለች ፊቷን ዳበሰቻት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። ከዚያ እጇ ልጇ ጉንጭ ላይ እንዳለ ቀረ። በእህቴ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ።

«ለምን ማነው የሚመታሽ አለችኝ?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እያልኩ የነበረው?»

ነገርኳት። ረጅም አልነበረም፤ ሁለት ቃል ነው፣ ይቅር በይኝና አትምቺኝ። እህቴ ክንዷን ከእናቴ ራስ ላይ ሳታነሳ፣ ቀና ብላ ወደ በሩ እያየች ነበር። እናቴ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልደቃችም። ቀስ ብላ የልጇን ቀሚስ ከትከሻዋ ላይ ገለጥ አደረገችና ጀርባዋን አየች። መልሳ ሸፈነችው።

«እኛ ደግሞ አሚን አልንበት» አለች።

ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና የሳጥኑን ቁልፍ ሰጠችኝ።

ሸኹ በማግስቱ መጡ። እናቴ ሰው ሳይሰበሰብ ቀድማ፣ ደጅ ተቀብላ ነገረቻቸው፤ ለዱዓ ሴቶችም በራሷ አፍ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እስከ መጨረሻው አላነሱትም። ዱዓው ተደረገ፣ በአማርኛ። ባልንጀራዬ ከጥግ ተቀምጣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ አሚን ስትል ሰማኋት።

አሁን ኪኒኑን ትወስዳለች፤ ደሴም እየተመላለስን ነው። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል ይላል። ያን ቀን ከተናገረችው ወዲህ በአማርኛ የተናገረችው ጥቂት ነው፤ ከዐስር በኋላ ዛሬም መጥረጊያውን ታነሳለች። እናቴ አልጋዋ ላይ አልተመለሰችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። እህቴ ስታልፍ «ላ ተድሪቢኒ» ትላለች፣ እናቴ «ማንም አይመታሽ፣ እኔ አለሁ» ትላለች። ስትመለስ እንደገና ትላለች፣ እናቴም እንደገና ትመልሳለች። አንዷ በዐረብኛ፣ አንዷ በአማርኛ፣ እስኪመሽ እንዲህ ያወራሉ።